ቀይ ነው ያልኩት ጽጌረዳ

ጥቅምት 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ሰላምታው ይከተላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የደረሱዎት ደብዳቤዎች አያቴ፣ አባባ፣ በእጃቸው የጻፏቸው አይደሉም። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው «ወንድም ጋሼ፣ በእርጅናህ ጽሕፈትህ አማረ» ብለው ሲልኩ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። በሃፍረት አንገቴን ደፋሁ። አባባ ግን ሳቁና «እንግዲህ አታጋልጪኝ፣ እንዳማረ ይቅር» አሉ። ዛሬ ግን በራሴ ስም መጻፍ ፈለግኩ። እጃቸው ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። የሚተኩሱት አንሶላ ብዛት ወገብዎን ሳይጎዳው፣ ብርዱም ሳይበረታብዎት ይህ ወረቀት ይድረስዎ።

ዝናቡ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጓሮው በአንድ ጊዜ ነው የተነሣው። ዳሊያዎቹ ሦስቱ ፈንድተዋል፤ አንዷ ብርቱካናማ ናት፣ ከየት እንደመጣች አናውቅም። ዱባው አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግቢ ውስጥ አበበ። «ተሻግሮ የመጣ የእኔ ነው» ትላለች። ሱፍ አበባዎቹም ቁመታቸው በልጦኛል፤ ጠዋት ፊታቸውን ወደ እሷ ቤት ስለሚያዞሩ «እንኳን ሰው፣ አበባውም እኔን ሳያይ አይውልም» እያለች ትቀልዳለች። አባባ ሲነሡ በረንዳው ላይ ይቆሙና «ዛሬ ምን ፈነዳ?» ይሉኛል። አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜ፣ እናቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ እሳቸው ጋ ከመጣሁ ወዲህ ብዙ የምናገረው በዚያ ሰዓት ነው።

የእናትዎ ጽጌረዳ ለምልማለች። ዘንድሮ ቅርንጫፎቿ ረጃጅም ናቸው። እምቡጥ ይዛለች። በሐምሌ እንዳዘዙኝ ሥሯ ላይ አፈር አስታቅፌያታለሁ።

አጎቴ እሁድ መጥቶ ነበር። አባባን እሱ ጋ ወስዶ ሊያኖራቸው ይፈልጋል፤ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። አባባ «አራተኛ ፎቅ ላይ የሚተከለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይጠወልጋል» አሉት። አጎቴ አልሳቀም። ሲወጣ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ


ጥቅምት 26

ለጭምቷ ልጄ፣

እንደ ጓሮሽ ለምልሚልኝ። ስልክ ስደውል «ደህና ነን» ብለሽ ወዲያው ለወንድም ጋሼ የምታቀብዪው ልጅ ወረቀት ላይ እንዲህ አፍ አለሽ? እንግዲህ ተያዝሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺው ጻፊልኝ፤ እሱ ድሮም ከሁለት መስመር አያልፍም ነበር። «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ፊርማው ግማሹን ወረቀት ይይዛል።

እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። የምሠራበት የሆቴሉ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው የሚያሳየው። ከማሽኑ ፊት ቆሜ ስተኩስ የምውለው ነጭ ነው፤ ነጭ፣ አሁንም ነጭ። ያቺ ቀይ ጽጌረዳ እንዴት እንደምትናፍቀኝ በዚህ ገምቺ።

ታሪኳን ነግሮሽ ያውቃል? እናታችን ስታርፍ ከአሮጌው ቤት አንድ ቅርንጫፍ ይዘን መጣን። ቀጋ የሚባለውን የዱር ጽጌረዳ ቆርጠን በጉቶው ላይ አጣበቅናት። ሦስት ጊዜ ደረቀችብን፣ በአራተኛው ያዘች። የተጣበቁበት ቦታ ጉጥ ሠርቷል፤ የወንድም ጋሼን አውራ ጣት ያህላል። ከጉጡ በላይ ያለው የእናታችን ነው፣ ከጉጡ በታች የሚወጣው ግን ቀጋ ነውና ሳይቆረጥ ከከረመ እሷን ይውጣታል።

ይህን የምጽፍልሽ በምክንያት ነው። አጎትሽ ደውሎልኝ ነበር። «አባቴ ደክሟል፣ ከዕቃ ጋር ይጋጫል፤ ቤቱን እናከራይና እኔ ጋ ልውሰደው» አለኝ። ቤቱ የእኔና የወንድሜ ስለሆነ ያለ ፊርማዬ አይሆንም። እኔም «ያቺን ጽጌረዳ መከርከም ዓይንና እጅ ይጠይቃል፤ እንደ ወትሮዋ ካበበች ወንድሜ ደህና ነው፣ ካላበበች እፈርማለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩለት።

ስለዚህ ከመጀመሪያዋ አበባ አንድ ቅጠል አድርቀሽ ላኪልኝ። ስልካችሁ ፎቶ እንደማያነሣ አውቃለሁ፤ ቅጠሏ ትበቃኛለች። ለወንድም ጋሼም ይህን አንብቢለት፤ ደስ ይበለው።

አክስትሽ


ኅዳር 12

ለአክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። ስለማልልከው ነው የምደፍረው።

የአባባ እጅ አይንቀጠቀጥም። ዓይናቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ጭጋግ ውስጥ ነው የምሄደው» ይላሉ። ከበረንዳው እስከ ውኃው በርሜል አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ከበርሜሉ እስከ ጽጌረዳዋ ሰባት። እየቆጠሩ ስለሚሄዱ የሚያያቸው ሰው አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ እንኳ አላወቀችም። አጎቴ በሄደ ማታ እጄን ያዙኝና «ከአንቺና ከእኔ ሌላ ማንም አይስማ። ሆድሽ ይቻለው። ከሰሙ እንደ ዕቃ ተሸክመው ነው የሚያወጡኝ» አሉ። እሺ አልኩ።

ጽጌረዳዋን የከረከሟት በነሐሴ መጨረሻ ነው። አናጢ ስለነበሩ እንጨት በጣታቸው ያነብባሉ። በየዓመቱ በአውራ ጣታቸው ጉጡን ይፈልጋሉ፤ ከእሱ በታች ያለውን ያነሣሉ፣ ከእሱ በላይ ያለውን ይተዋሉ። ዘንድሮ ግን ጉጡ አልተገኘም። እርስዎ እንዳዘዙት አፈሩን ቆልዬ ጉጡን ቀብሬዋለሁ። እኔም አልነገርኳቸውም፤ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።

ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። ቀጥ ያሉትን፣ ለስላሳና ወፍራም ቅርንጫፎች አገኙ። «እሰይ፣ ዘንድሮስ ጎረመሰች» አሉ። ከዚያ ያችን ቀጭኗን፣ ቅርፊቷ የሻከረውን ነኩ። «ይቺ ሞታለች» አሉና መቀሱን ከመሬት አስጠግተው ያዙ። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። ጫፏ ላይ አራት አዳዲስ ቅጠሎች አይቻለሁ። «አባባ፣ ይቆዩ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አባባን ማረም አልለመድኩም። ማንንም ማረም አልለመድኩም። መቀሱ ገጭ አለ። የተቆረጠውን ሰብስቤ ከሌላው ጭራሮ ጋር አቃጠልኩት።

የቀረው ቀጋው ነው። ትናንት አበበ። ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ብቻ። ንብ ከቦታል።

ደብዳቤዎን ሳነብላቸው ፊታቸው በራ። ዛሬ ጠዋት ገና ሳይቀመጡ «ፈነዳች?» አሉኝ።

«ፈነዳች።»

«ቀይ ናት?»

«ቀይ ናት» አልኩ።

ወደዚያ ዞረው ለረጅም ጊዜ አየር ሳቡ። «ዘንድሮ ሽታዋ ዘገየ» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮ ውስጥ የተከለቻት ቀይ ጽጌረዳ አለች። ከሰዓት በኋላ ሄጄ አንድ አበባ ስጭኝ አልኳት።

«አንቺ! ለማን ነው? ይኸው ፊትሽም ቀላ!»

ዝም አልኩ።

«ዝም ያለ አዎ አለ ማለት ነው። ውሰጂ፣ ግን ሠርጉ ላይ ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ!» ብላ ቆርጣ ሰጠችኝ።

አሁን ቅጠሏ መዝገበ ቃላት ውስጥ ተጭናለች። የማን ምስክር እንደሆነች እኔ ብቻ አውቃለሁ።


ኅዳር 20

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ እጽፋለሁ። እኛ ደህና ነን። የጠየቁኝን ቅጠል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ዳሊያዎቹ ሰባት ሆነዋል። አባባ «እጅሽ አይዛል» ብለዋል። ሥራ ስላለብኝ ዛሬ አላስረዝምም።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለልጄ፣

ይህን ገጽ ለወንድም ጋሼ አታንብቢለት። ለእሱ የጻፍኩት ሌላኛው ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ብርዱና ስለ ጉልበቴ አውርቼለታለሁ።

የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል ሳማርጥ ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ የማይ ሴት ነኝ። የታጠበውንና የታጠበ የመሰለውን እለያለሁ። የእናታችን ጽጌረዳ ቅጠል ከሥሩ ቢጫ ነጥብ አለው፣ ጥፍር የሚያህል። ስትደርቅም ትጠቁራለች። ከቤት ስወጣ የያዝኳት አንዲት ቅጠል አለችኝ፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ያንቺን አጠገቧ አስቀመጥኩ። አይዛመዱም። ያንቺ ሐምራዊ ነው የሆነው፣ ነጥብም የለው።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ቢሆን በማግሥቱ ትሰሚ ነበር። ፈርቼ ነው። ልጅ እንዲሁ አይዋሽም፤ አንቺ ደግሞ መናገር እንኳ የሚከብድሽ ልጅ ውሸት ለመጻፍ ምን ያህል እንደተጨነቅሽ ከአጭሯ ደብዳቤሽ አይቻለሁ። ሥራ አለብኝ ብለሻል። መቼ ነው ሥራ ኖሮሽ ጓሮሽን ዘርዝረሽ ከመጻፍ ያገደሽ?

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። የሞተችው አበባዋ ናት ወይስ የታመመው ወንድሜ ነው?

አጎትሽ በየሳምንቱ ይደውላል። ቅጠሏ ደረሰችኝም አልደረሰችኝም አላልኩትም። እስከ ጥር መጨረሻ ታገሠኝ ብዬዋለሁ። ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሁለቱም ነው።

ከዚህ ጋር ኅዳር 12 የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ልልከው አልነበረም፤ ከፍራሼ ሥር ነበር። እንደገና ልጽፈው ሞክሬ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ለራሴ የሚያዝን ሆነብኝ። ስለዚህ እሱኑ ልኬዋለሁ።

እዚያ ላይ የሌለ ነገር አለ። ባለፈው ሐሙስ አባባ ማንቆርቆሪያውን ሊያነሡ እጃቸውን እሳቱ ላይ አደረጉ። ሁለት ጣታቸው ተቃጠለ፤ የሚዳስሱበት አውራ ጣትና ጠቋሚው። ቅባት ስቀባላቸው «የጋለ ማንቆርቆሪያ ስንቱን ያቃጥላል፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉ። እኔን ለማሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ሲወጡ በግራ እጃቸው ነው የሚዳስሱት፤ እርምጃውንም ሁለት ጊዜ ይቆጥሩታል።

ሐኪም ጋ እንሂድ ብያቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር በልቤ ነው ያልኩት፤ ከአፌ አልወጣም።

ለአጎቴ አይንገሩብኝ። ለአባባ ቃል ሰጥቻቸው ነበር፤ ይኸው አፈረስኩት። የሰጠሁት ቃል ያ ብቻ ነው።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ


ጥር 12

አንቺ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩ። አንድ አንሶላ አሳረርኩ። አለቃዬ መጥታ «ምን ሆንሽ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ «ጽጌረዳ ሞተብኝ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ነው እንጂ አበባ ሲሞት ውኃ አይሰጥም፤ ፊቴን ስታይ የሰው ስም መስሏት ይሆናል።

አላዘንኩም አልልሽም። አልቅሻለሁ። ግን ጥፋቱን ለብቻሽ አትሸከሚው። አፈር አልብሻት ያልኩሽ እኔ ነኝ። እዚህ ብርዱ ሥር ስለሚገድል ጉጡን ይቀብሩታል፤ አይቼ ያወቅኩ መሰለኝ። እዚያ መቼ ነው ብርድ ጽጌረዳ ገድሎ የሚያውቅ? ሃያ ዓመት ርቄ የገዛ ግቢዬን አየር ረሳሁ፤ ረስቼም አዘዝኩ። እኔ አዘዝኩ፣ አንቺ ቀበርሽ፣ እሱ ቆረጠ። ሦስታችንም እጃችን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ሴትዮ ልክ እንዲሁ ጭጋግ ነበር የምትለው። የዓይን ሞራ ነበር፤ ተገፈፈላትና ዛሬ እድፍ ከእኔ ቀድማ ታያለች። የወንድሜም እንደዚያ ይሁን አይሁን ሐኪም ሳያየው እኔም አንቺም አናውቅም። ሊድን የሚችል ዓይን በሃፍረት ከጠፋ ግን ያን ጊዜ ነው የማልምራችሁ፤ እሱንም አንቺንም።

ለአጎትሽ አልነግርም ብዬ አልዋሽሽም። ልጁ ነው፤ ማወቅ አለበት። ጥር 30 እደውልለታለሁ። በአበባ የተወራረድኩት ሞኝነት ነበር፤ ያንን ቃሌን አንስቻለሁ። ወንድም ጋሼ በገዛ አፉ ልሂድ ካላለ ፊርማዬን ማንም አያገኝም፤ ይህንንም ለአጎትሽ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወንድሜ ሁሉንም ከአንቺ አፍ ይስማ። የዓይኑን ነገር እንደነገርሽኝ፣ ያቺም ጽጌረዳ ቀይ እንዳልሆነች። ከልጁ ወይ ከጎረቤት ከሰማው ከእንግዲህ ጠዋት «ምን ፈነዳ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ዛሬ ለእሱ ለብቻው የተጻፈ ገጽ የለም። ያለው ይኸው ነው። ሙሉውን አንብቢለት።

አክስትሽ


ጥር 26

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰ አራት ቀን ሆነው። ሰላምታ ሳላስቀድም ስለምጀምር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በደረሰ ዕለት አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው «የእህቴ ናት? በይ እንስማ» አሉ። ማንበብ ጀመርኩ። የአንሶላውን መቃጠል አነበብኩ፣ «ጽጌረዳ ሞተብኝ» የሚለውን ዘለልኩ። ከዚያ ስለ አለቃዎና ስለ ውኃው አነበብኩ። ከዚያ ጀምሮ ሁሉንም ዘለልኩ። «አክስትሽ» ብዬ ጨረስኩ።

«ዛሬስ አጭር ናት» አሉ። «እስቲ ወረቀቱን።»

ሰጠኋቸው። በደህናው ጣታቸው ፊቱንም ጀርባውንም ዳሰሱት። እስክሪብቶ ጫን አድርገው ስለሚጽፉ ፊደሉ ወረቀቱን ያጎብጠዋል።

«እህቴ ሁለቱንም ገጽ ሞልታዋለች። ያነበብሽልኝ ሩቡን አይሞላም።»

ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ሰው ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሲደርስ ይነበባል» አሉና አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ እዚያው ነው። አይጠይቁኝም። ትናንት ልብስ ሰፊዋ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታወራቸው እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ቆይቶ ተመለሰ። እሷ እንድታነብላቸው አስበው ይሆናል። ወይም ለእኔ ሲሉ ትተውት ይሆናል። ሁለቱንም ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት «ምን ፈነዳ?» አላሉኝም። እሳቸው ጋ ከመጣሁ ወዲህ ሳይጠይቁኝ የዋሉበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው። ቁጭ ብለው ወደ ጽጌረዳዋ በኩል ዞረው ነበር። ቀጋው እየረገፈ ነው፤ ሦስት አበባ ብቻ ነው የቀረው። ሽታውን ሳያውቁት ይቀራሉ ብዬ አላምንም። እንጨትን በጠረኑ የሚለዩ አናጢ ናቸው፤ የሚናገረው ሰው እስኪመጣ ግን ይጠብቃሉ።

የዓይን ክሊኒኩን ከሰዓት በኋላ ሄጄ አየሁት። ከአውቶቡስ ወርጄ የክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ተመልሼ ልሄድ ነበር። ካርድ የምትሰጠዋ ሴትዮ «ማንን ነው?» አለችኝ። «አያቴን» አልኩ። «ድምፅሽን አሰሚኝ እንጂ፣ የእኔ እመቤት» አለች። ደገምኩት። ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይዘሻቸው ነይ ብላኛለች። ልውሰዳቸው አልውሰዳቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ጎትቼ አልወስዳቸውም።

ነገ ጠዋት በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ደብዳቤውን ከኪስዎ ያውጡልኝ እላቸዋለሁ። ከ«አንቺ ልጅ» ጀምሬ እስከ «ሙሉውን አንብቢለት» አነባለሁ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ አነባለሁ እንጂ አልዘልም። ከዚያ ባልዲ ይዤ ቆሜ ምን እንዳየሁ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ እነግራቸዋለሁ። ቃሌን ማፍረሴንም። ከተቆጡ እዚያው እቆማለሁ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

ሲጨርሱ ከቀሩት ሦስት አበቦች አንዱን ቆርጬ እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። «ቀይ ነው?» ካሉኝ «ነጭ ነው፣ አባባ» እላቸዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ማዶ እንድትሰማ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ